አመዳይ ላይ የተረገጠ ሳር

ታኅሣሥ 12 ቀን 2014፣ ወልድያ

መከላከያ ገብቷል። ከትናንት ጀምሮ አስፋልቱ ላይ እልልታ ነው። እኔም ወጣሁ። ድምፄ አልወጣ አለኝና አፌን ብቻ ከፍቼ ቆምኩ። ያየኝ ካለ እልል አለች ይበል።

መብራት የለም፤ ውሃ የለም፤ ስልክ የለም። ባሌ ኣፅብሃ እልልታውን ትቶ ሳሩ ላይ ተንበርክኮ ነበር። ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ብርዱ ነው አለኝ፤ ሰርዶ ብርድ ሲመጣ ይተኛል እንጂ አይሞትም። ይህንን በየዓመቱ ይነግረኛል፤ እኔም በየዓመቱ አዲስ ነገር እንደሰማሁ ሆኜ እሰማዋለሁ። ሰፈሩ ‹‹ልጃችሁ እንዴት ነው?›› እያለ በሳሩ ይቀልድብናል። ልጅ የለንም። ቀልዱን ለምጄዋለሁ።

አመሻሹ ላይ ዘውዱ መጣ፤ ከአጥራችን ማዶ ያለው ባለ ወፍጮ። ተዋጊዎቹ ሲወጡ የወፍጮውን ሞተር ነቅለው ወስደውበታል። በሩ ላይ ቆሞ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና ‹‹የእናንተ ሳር እንኳ አልተነካም›› አለ። ግባ አልኩት። አልገባም።

ታኅሣሥ 14

ውሃ በአህያ ከጥቁር ውሃ ወንዝ። መጀመሪያ ለድስት፣ ቀጥሎ ለእጅ፣ የተረፈው ለሳር። ሳሩ በጠዋት ብቻ ነው የሚጠጣው፤ ማታ ያጠጡትን የሌሊቱ ብርድ ይይዘዋል።

ዘውዱ እንደምን አደርክ ብለው አልመለሰልኝም። አልሰማኝ ይሆናል።

ታኅሣሥ 18

ዛሬ ሻማ አግኝቻለሁ፤ እጄም ሥራ የለው።

ይህ ግቢ የሠርግ ግቢ ነው። ኣፅብሃ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር በመስክ ሠራተኛነት ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ሌላው ሱቅ ይከፍታል፤ እሱ ሳር ተከለ። መሬቱን ቆፍሮ፣ ፍጉን በወንፊት ነፍቶ፣ ሰርዶውን ቁራጭ በቁራጭ በእጁ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሙሽራውን እዚህ ያመጣል። ከሠርግ ቀን በቀር ግን ማንም አይረግጠውም፤ እኔም ብሆን። ልብስ ላሰጣ ስል በዳር እዞራለሁ።

እኔም እሱም የቆቦ ልጆች ነን፤ ወላጆቻችን ከትግራይ መጥተው እዚያ የነገዱ። በነሐሴ የትግራይ ተዋጊዎች ከተማውን ሲይዙ ወደዚህም መጡ። ኣፅብሃ ቀድሟቸው በሳሩ ዙሪያ ገመድ ወጥሮ በሩ ላይ ቆየ። በትግርኛ አናገራቸው። ይህ የሕዝብ የሠርግ ሜዳ ነው፤ ስንት ዓመት ያሳደግሁት ነው፤ በረንዳው ላይ እደሩ፤ ሳሩን ግን አትርገጡብኝ። ሽማግሌው አብዷል ብለው ሳቁበት። እሱም አብሯቸው ሳቀ፤ የአንዱን ትከሻ መታ መታ አደረገ። በረንዳው ላይ ሰነበቱ። ሳሩን አልረገጡም። ይህን ሁሉ ዘውዱ በአጥሩ ቀዳዳ አይቷል።

ዘውዱ ያላየው ሌላ ነገር አለ። ከሳሩ ወዲያ፣ የሠርግ ወንበር የምናስቀምጥበት ዕቃ ቤት አለ። እሱን ዛሬ አልጽፈውም። ደክሞኛል።

ታኅሣሥ 24

ወሰዱት።

ታኅሣሥ 24፣ ከሰዓት በኋላ

እጄ አሁን ይጽፋል።

ሌሊት ከድልብ በላይ ያለው የደጋው ብርድ ወርዶ ነበር። እዚህ ዝቅታው ላይ ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ዛሬ ግን ሳሩ በሙሉ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ ነጋ። ኣፅብሃ ውሃ ማጠጫውን ሊያመጣ በዳር ዞሮ ዕቃ ቤቱ ገብቷል። በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። የታጠቁ ናቸው፤ አንዱን በመልክ አውቀዋለሁ። የት አለ አሉኝና መልሴን ሳይጠብቁ በሳሩ መሃል ቀጥ ብለው ሄዱ።

በሸበጥ ወጣላቸው። ‹‹በዳር እንሂድ፤ አመዳይ ላይ የተረገጠ ሳር ይሞታል›› አላቸው። ስለ ራሱ ምንም አልጠየቀም።

አንደኛው ‹‹ለእነሱም እንዲሁ ብለሃቸው ነበር አሉ›› አለው።

ክንዱን ይዘው በመሃል አመጡት። ያለ ሠርግ ቀን ሳሩን ሲረግጥ ያየሁት ዛሬ ነው። ጋቢ አቀበልኩት። በሩን ዘጋሁ። ድስቱ እሳት ላይ ነበር፤ አወረድኩት። ማልቀስ ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም።

ታኅሣሥ 25

መርሳ ነው ያለው አሉ። አንድ መጋዘን ውስጥ።

አልበላሁም። ሳሩን አጠጣሁ። በጠዋት።

ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ

ዱካው ወጣ። እሱ ሁልጊዜ የሚለው እውነት ነው፤ የዚያኑ ዕለት አይታይም፤ ውሎ አድሮ ነው የሚቃጠለው። ከበሩ እስከ ዕቃ ቤቱ፣ ከዕቃ ቤቱ እስከ በሩ፣ ቡናማ ቡናማ የጫማ ቅርጽ። ጫማው ሰፊ ነው፤ ተረከዙ ጠልቋል። ከመካከሉ አንድ መስመር ጠባብ፣ ተረከዝ የሌለው አለ። ሸበጡ ነው።

በየበዓሉ ዋዜማ ሰፈርተኛው ለጉዝጓዝ የሚሆን ሳር ከእኛ ይወስድ ነበር፤ ዘውዱ ራሱ ሁለት ጊዜ ይመላለስ ነበር። ዛሬም ዳር ዳሩን አጭጄ በማዳበሪያ ሞልቼ በሩ ላይ አስቀመጥኩ። ሲመሽ እንዳለ አስገባሁት።

ጥር 2

መርሳ ሄጄ መጣሁ። ሲሪንቃን ስናልፍ ፊቴን ወደ ሌላኛው መስኮት አዞርኩ። ሚኒባሱ ውስጥ አንዷ ‹‹እነዚህን ሰዎች ነው ጎረቤት ብለን የኖርነው›› ትላለች። ለማን እንደምትል አልጠየቅኋትም። ሰሃኔን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ።

እሱን ማየት አይቻልም አሉ። ምግቡን የሚቀበለው ጠባቂ ጌትነት ይባላል፤ ደህና ልጅ ይመስላል፤ ‹‹እናቴ›› ይለኛል። ቀስ ብሎ መከረኝ። ክሱ ከተዋጊዎቹ ጋር ተባብሯል የሚል ነው። የሁሉ ቤት ሲዘረፍ የእሱ ሳር እንኳ ያልተረገጠው በምን ምክንያት ነው ተብሏል። ከሰፈሩ የተከበረ ሰው ቀርቦ ቢመሰክርለት ይለቀቃል። ‹‹አንድ እንኳ የሚያውቀው ሰው ይጠፋል?›› አለኝ።

አንድ አለ። አብዱልጀሊል። ስሙ ምላሴ ላይ መጥቶ መልሼ ዋጥኩት።

አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ይባላል። እኛን ግን በሳር አመካኝቶ ይብላን?

ጥር 6

ያልጻፍኩትን ልጻፈው።

አብዱልጀሊል አስፋልቱ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያለው ጎረቤታችን ነው፤ ረሂማ ሚስቱ ናት፤ ፈይሩዝ ልጃቸው። በነሐሴ ስለ ሴት ልጆች የሚወራውን ስንሰማ ረሂማ ልጇን በጓሮ በኩል አመጣቻት። የእነሱ ቤት አስፋልት ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው። የእኛን ቤት ስማችን ትግርኛ ስለሆነ አይፈትሹትም ያልኩት እኔ ነኝ። ኣፅብሃ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከወንበሮቹ ኋላ አስተኛናት።

ወደ ዕቃ ቤቱ የሚወስደው ሳሩ ነው። ዳሩን ገመዱ ዘግቶታል፤ ሳሩ ካልተረገጠ ዕቃ ቤቱ አይደረስም። ገመዱ ለዚህ ነበር፤ ሳቁም፣ ትከሻ መምታቱም። መጀመሪያ እኔም የምር አበደ ብዬ ነበር። በየጠዋቱ ውሃ ሊያጠጣ እየመሰለ ማጠጫው ውስጥ እንጀራ በላስቲክ ጠቅልሎ ያደርስላት ነበር። በረንዳ ላይ ያሉት ያዩታል፣ ይስቁበታል። ልጅቱ ምንም ሳይደርስባት ወጣች። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ምንም።

ግን ማን ያምናል? እሷ የታጨችው መርሳ፣ ለእነ ሙሄዲን ቤት ነው። ለእነሱ ከሰኔ ጀምሮ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ናት ተብሏል። ተዋጊ ካደረበት ግቢ ውስጥ ነበረች ከተባለ የሚወራውን ረሂማም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ።

ዛሬ ረሂማ መጣች። ምግብ ያመጣችበትን ሰሃን አስቀምጣ ሳትቀመጥ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ደርቄ እሷን አባበልኩ። ባሏ ዝም አይነቅዝም እንደሚል ነገረችኝ። ቆይቶ ይፈቱታል፤ የልጅ ስም ግን አንዴ ከወጣ አይመለስም ይላል።

‹‹ትብለፅዬ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ልጄን አትግደይብኝ።››

እሺ አልኳት። ሰሃኗን አጥቤ መለስኩላት።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት። አልወጣሁም። ከበሮውን ከቤት ሰማሁት።

ጥር 20

አብዱልጀሊልን ጠርተው ጠየቁት አሉ። ‹‹እኔ ሱቄን ስጠብቅ ነበር፤ የጎረቤቴን አላየሁም›› ብሎ ተመለሰ። ክፉ አልተናገረም። ደግም አልተናገረም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለውን ማን እንደተረተው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ጥር 27

ውሃ ተወደደ። ሳሩ ግማሹ ቢጫ። ተኝቷል፣ አልሞተም፣ ተኝቷል። ይህን በአፌ ጮክ ብዬ ስለው ራሴን ሰማሁት።

የካቲት 5

ፀሐይ የምትባል የዕድር ጓደኛዬ መከረችኝ። ሳሩን ገልብጪው፣ ድንች ትከይበት፣ የሰው ዓይን ያርፍልሻል አለች። እውነቷን ነው። አረንጓዴ ሆኖ በቆየ ቁጥር ሰው ባየው ቁጥር ያስታውሳል። ሌላው ግቢ አመድ ሆኖ የእኛ ሳር በልቶ ጠጥቶ ይታያል። ባላጠጣው በራሱ ይሄዳል፤ ማንም እኔ ገደልኩት አይልም።

ጀሪካኑን ይዤ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ አጠጣሁት። ለምን እንዳጠጣሁት አላውቅም። ወድጄው አይደለም።

ፈይሩዝን መንገድ ላይ አገኘኋት። ፊቴን አዞርኩ። ልጅቱ ምን አደረገችኝ? ግን አዞርኩ። አንዳንዴ እዚያው ዕቃ ቤት ውስጥ ባገኟት ኖሮ የሚል ሐሳብ... አልጨርሰውም።

የካቲት 13

ጌትነት ከኣፅብሃ ቃል አመጣልኝ። ሳል ይዞታል። ሌላው መልእክት ሁሉ የሳር ነው። የተቃጠለውን ዱካ እንዳትነቅዪው፤ ሥሩ ደህና ነው፤ ብርዱ ሲሰበር መሬቱን በሹካ ወጋ ወጋ አድርገሽ አስተንፍሺው፣ ፍግ በወንፊት ነፍተሽ በስሱ በትኚበት፣ ከጎን ያለው ሰርዶ ራሱ ይሸፍነዋል። አሥር ጊዜ አትጨጂው፤ ረዘም ይበል።

መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ አብዱልጀሊልን አታስቸግሪው ብሏል።

ተናደድኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ የተሰማኝ ነገር ይህ ነው። ለሁሉም ያዝናል፤ ለእኔ ፍግ በትኚ ይለኛል። ንዴቱም እስከ ማታ አልቆየም።

የካቲት 16

ጠቅላላውን ሳር ወግቼ ፍግ በተንኩበት። የቦት ጫማዎቹን ዱካ አፈር አለበስኩት። የሸበጡን ዘለልኩት። ፍጉ አልቆብኝ ነው።

የካቲት 17

ፍጉ አላለቀም።

የካቲት 27

ጾም ገብቷል። አብዱልጀሊል ራሱ መጣ። ሳሩን በዳር በዳር ዞሮ መጣ። ተቀመጥ አልኩት፤ ቆሞ ተናገረ። የፈይሩዝ ሠርግ ከረመዳን በፊት ይሁን ተብሏል፤ ከጦርነቱ በፊት እዚህ ይሁን ብለን ተነጋግረን ነበር፤ አሁን ግን የሙሽራው ወገን ምን ይላል፣ ሰውስ ምን ይላል፤ መርሳ ቢደረግ ይሻላል። መሬት መሬቱን እያየ ነው። ጥፍሩ ሥር ቆስሏል፤ ሲነክሰው ከርሟል።

እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ። ሊወጣ ሲል የሸበጡ ዱካ ጋ ሲደርስ ቆመ። አየው። ምን እንደሆነ የገባው ይመስለኛል፤ ግን ሄደ።

የካቲት 30

አልነሣሁም። ሳሩንም አላጠጣሁም።

መጋቢት 3

ፈይሩዝ መጣች። ብቻዋን። ከዕቃ ቤቱ ከወጣች ወዲህ ግቢያችንን ረግጣ አታውቅም። በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች።

‹‹እትዬ ትብለፅ፣ ሳር ይስጡኝ›› አለች።

ምን ያደርግልሻል አልኳት፤ ድምፄ ጎርበጥ ብሎ ነው የወጣው።

‹‹አባቴን ልለምንበት።››

እርጥብ ሳር ይዞ የመጣ እንደማይመለስ እዚህ አገር ሕፃን ያውቃል። ደም የተቃባ እንኳ ሳር ይዞ ከቆመ ይሰማል። ሽማግሌ ነው የሚይዘው፤ ልጅ በአባቷ ላይ ስትይዝ ግን አይቼ አላውቅም። ዛሬ የሙሄዲን ሽማግሌዎች ቀን ሊቆርጡ ከመርሳ መጥተው ቤታቸው ተቀምጠዋል። እነሱ ባሉበት ልታደርገው ነው።

‹‹ሠርግሽ ቢቀርስ?›› አልኳት።

‹‹እስካሁን በየጠዋቱ የማጠጫው ድምፅ ይሰማኛል›› አለች።

ጎንበስ ብላ ልትነቅል ስትል ያዝኳትና እኔ ራሴ አጨድኩላት፤ ከመሃሉ፣ ከረዘመውና ከለመለመው። ከሥሩ አይነቀልም፤ ይቆረጣል። ይህን ስላት ሳቅ አለች። እኔ አልሳቅሁም። በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። በሩን ሳልዘጋ ቀረሁ።

መጋቢት 4

ረሂማ ጠዋት እየሮጠች መጥታ ነገረችኝ። ልጅቷ ሽማግሌዎቹ ፊት ገብታ ሳሩን አባቷ እግር ሥር አስቀምጣ ተንበረከከች። የት እንደነበረች፣ በማን እጅ እንጀራ እንደበላች፣ ሳሩ ለምን እንዳልተረገጠ፣ አንድ በአንድ። አብዱልጀሊል ፊቱን በኩታው ሸፈነ። ረሂማ የልጄ ነገር አለቀ ብላ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ከዚያ የሙሄዲን አጎት ሼህ ኡበይደላ ሳሩን አንሥተው አብዱልጀሊል እጅ ላይ አደረጉት።

‹‹ይህን ይዘህ ከኔ ጋር መርሳ ትሄዳለህ። ሠርጉ ሰውየው ሲወጣ ነው፤ ሰውየው ባለበት ነው።››

ሙሄዲንስ አልኳት። ሙሄዲን አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ደውሎ አጥቷት ሲጨነቅ ነበር አሉ፤ በሕይወት መኖሯን ብቻ ነበር የሚፈልገው። ረሂማ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። ምንም አልተሰማኝም። ዝም ብዬ ያዝኳት።

መጋቢት 6

መርሳ ገብተው መስክረዋል። ዘውዱንም ጠርተውት፣ ሲስቅ አየሁ እንጂ ሌላ አላየሁም ብሏል። ጠብቁ ተባለ።

መጋቢት 8

የለም።

መጋቢት 10

መጣ። በአብዱልጀሊል መኪና አመጡት። ከስቷል፤ ሳሉ አለ፤ ጋቢው ሌላ ነው። ሸበጡ የለም፤ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሸራ ጫማ አድርጓል። በሩ ላይ ቆሞ ሳሩን አየ። እኔን አየ። ‹‹አላጨድሽውም፤ ጎበዝ›› አለኝ። ገላውን ላጥበው ውሃ አሞቅሁ። በዳር ዞሮ ገባ።

መጋቢት 13

ይተኛል። ሳሩ ከብርድ ነቅቷል። የበልግ ዝናብ ሸተት አድርጎ ሄደ፤ ይበቃዋል። ከሸበጡ ዱካ በቀር ሁሉም ቦታ ይዟል። ኣፅብሃ እዚህ ጋ ፍግ አልደረሰውም እንዴ አለ። ረስቼው ነው አልኩት።

መጋቢት 17

የፈይሩዝ ሠርግ ዛሬ እዚህ ሆነ። እኛ ጾመኞች ስለሆንን ረሂማ የሽሮና የአትክልት ለብቻ አሠርታልናለች። ወንበሩን ሁሉ ከዕቃ ቤቱ ያወጡት አብዱልጀሊልና ሙሄዲን ናቸው። ድቤው ከረፋድ ጀመረ። ወልድያ ግማሹ መጣ። ሰላምታዬን ሲነፍገኝ የከረመው ሁሉ አቅፎ ሳመኝ። ሳምኳቸው። ለማን ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

ዘውዱ ዘግይቶ መጣ። ሁሉም ሳሩ ላይ እየጨፈረ እሱ ጠርዙ ላይ ቆመ፤ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። ኣፅብሃ ከወንበሩ ሳይነሣ አየው። እኔም የሚለውን ጠበቅሁ።

‹‹ግባ ዘውዱ። ዛሬ ሠርግ ነው፤ ይረገጣል።››

ዘውዱ ጫማውን አውልቆ ገባ።

እንግዳው ሲሄድ፣ ገና ሳይመሽ፣ ወንበር ላነሣ ወጣሁ። ሳሩ ተኝቷል፤ ሩዝ፣ አበባ፣ ተረከዝ በተረከዝ ላይ። ከበሩ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድኩ፤ ተመለስኩ፤ እንደገና ሄድኩ። የሸበጡን ዱካ አጣሁት። ተንበርክኬ በእጄ ሳሩን እየገለጥኩ ፈለግሁት። ባለቤቱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያስላል፤ እኔ ዱካውን እፈልጋለሁ። የለም።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ያልመጣው ሁሉ አንድ ላይ መጣ። ኣፅብሃ በዳር መዞሩን ረስቶ በመሃል ሮጦ ደረሰብኝ። ምን ሆንሽ አለኝ።

‹‹ሳሩን ረገጡት›› አልኩት።